የአውሮፕላን ካንዴላ ሽቦ ሲያረጅ

(ምስል፦ ሽፋኑ የተነሣለት ሞተር)

ይህ ላይካሚንግ ኦ-320 ነው። ሰዎች በየጋራዣቸው በሚገጣጥሟቸው እንደ አርቪ-6 ባሉ አውሮፕላኖች ላይ ይታያል። አራት ሲሊንደር፣ ስምንት ካንዴላ፣ ሁለት ማግኔቶ አለው፤ ማግኔቶ ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሆነውን ኤሌክትሪክ ከሞተሩ ዙር የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። አንዱ ማግኔቶ ቢሞት ሌላው አውሮፕላኑን መሬት ያደርሳል።

የሽቦው እርጅና ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ለበረራ ከመንደርደር በፊት ነው። ሞተሩን በደቂቃ ወደ 1800 ዙር አድርሳችሁ አንዱን ማግኔቶ ስታጠፉ ዙሩ ጥቂት ይወርዳል። ከ175 በላይ ከወረደ ወይም የሁለቱ ልዩነት ከ50 ካለፈ አትነሡ። ጥፋቱ የካንዴላም ሊሆን ስለሚችል የተጠረጠረውን ካንዴላ ከሌላ ሲሊንደር ጋር ለዋውጡት። ችግሩ አብሮት ካልሄደ ሽቦውን መርምሩ።

እዚህ ላይ እባካችሁ ቆም በሉ። ማግኔቶ ባትሪ አይፈልግም። የመኪና ሥራ የለመደ ሰው ባትሪውን ነቅሎ ይተማመናል፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ማግኔቶን ዝም የሚያሰኘው ከማብሪያው የሚመጣ አንድ ቀጭን ሽቦ ብቻ ነው። እሱ ከተበጠሰ ማብሪያው ጠፍቶም ማግኔቶው ሕያው ነው፤ ፕሮፔለሩን በእጅ መግፋት ሞተሩን ሊያስነሣው ይችላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ከየሲሊንደሩ አንድ አንድ ካንዴላ ፍቱ።

አራቱ ሽቦዎች ከማግኔቶው ጋር የሚገናኙት በአንድ ክዳን ስለሆነ አብረው ይቀየራሉ። ከመፍታታችሁ በፊት በእያንዳንዱ ላይ የሲሊንደሩን ቁጥርና የካንዴላውን ቦታ «1 ላይ»፣ «3 ታች» እያላችሁ ጻፉ። የማቀጣጠያው ተራ 1-3-2-4 ነው፤ ሁለት ሽቦ ከተምታታ ሲሊንደሩ ያለ ሰዓቱ ይተኩሳል። ሁለተኛውን ማግኔቶ የመጀመሪያው ሳያልቅ አትንኩት።

(ቅርብ ምስል፦ ከተጎነጎነው የብረት ልባስ ላይ ጥፍር የምታህል የተላጠች ቦታ)

አሮጌውን ሽቦ ቶሎ አትጣሉት። ይህችን ቦታ ተመልከቱ፤ ብረቱ ተልጦ ከሥሩ ያለው መከላከያ ጠቁሯል። ሽቦው እዚህ የተበላው ከማሰሪያው ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ነው። ብልጭታው በዚህ በኩል ያፈተልካል፤ ከፍታ ሲጨምርና አየሩ ሲሳሳ ደግሞ ይብስበታል። አዲሱን ሽቦ በዚያው ማሰሪያ በዚያው መንገድ ካሳለፋችሁት እሱም እዚያው ይቆስላል። ማሰሪያውን ጎማ ባለው ቀይሩት፣ ከጭስ ማውጫው አርቁት፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እንዳይወጠር ትንሽ ላላ አድርጉት።

ካንዴላውን በአዲስ የመዳብ ሮንዴላ መልሱና በ35 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 47 ኒውተን ሜትር፣ አጥብቁት። ከእጃችሁ የወደቀ ካንዴላ ደህና ቢመስልም አይመለስም። የሽቦውን ጫፍ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጣት አይንካው፣ የላብ ቅባት ለብልጭታው መንገድ ይሆናል። ዳዶውን ስታጠብቁ የሽቦውን የታጠፈ ጫፍ በሌላው እጃችሁ ያዙ፤ አብሮ ከዞረ ውስጡ ይጠማዘዛል።

የዙሩን ፍተሻ ድገሙ። ከመጀመሪያው በረራ መልስ ሽፋኑን አንሡና የቀየራችኋቸውን ማሰሪያዎች አንድ በአንድ በባትሪ መብራት እዩአቸው።