አርባ ስምንቷ ዓለም ፀሐይ

እሳቷ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ በስማችን አንጠራራም። የምናወራው ስለ ሞክሼ ሆሄያት፣ ማለትም መልካቸው ተለያይቶ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆኑ ፊደላት ስለሆነ ራሳችንን በእነሱ ሰይመናል። እኔ እሳቱ ሰ ነኝ፤ ከጎኔ ያሉት ጋሼ ደግሞ ንጉሡ ሠ ናቸው።

ንጉሡ፦ ንግሥናውን ያገኘሁት በዕድሜ ነው። እሳቱን ግን እሷ ከቤቷ ይዛው ትመጣለች።

እሳቷ፦ ለአዲስ አድማጮቻችን፦ እኔ የምሠራው በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ጋሼ ከቄስ ትምህርት ቤት ተነስተው ማተሚያ ቤት ገቡ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስም አራሚ ነበሩ። እኔ ሞክሼዎቹ ይቀነሱ ባይ ነኝ፤ እሳቸው ይቆዩ ባይ። በዚህ ነገር ሁለት ዓመት ተከራክረናል።

ንጉሡ፦ ሁልጊዜ ቡና ላይ ስለሆነ ክርክሩ አልመረረም። መጀመሪያ ግን ስማቸውን ልጥራቸው፤ ወጣቶቹ የሰሙት አይመስለኝም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እኛ በስንደዶ እየጠቆምን ስንቆጥር እያንዳንዱ ፊደል ሰው ይመስለን ነበር። ሐመሩ ሐ መርከብ ነው፤ ንጉሡ ሠ ዘውድ የደፋ። ይህን ሁሉ "ትርፍ ነው" ብሎ መጣል ለእኔ ቤተ ዘመድ እንደ መቀነስ ነው።

እሳቷ፦ እንግዲህ የእኔን ቤተ ዘመድ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ዓለም ፀሐይ የምትባል ታካሚ መጣች። ካርድ አለኝ ትላለች፤ ኮምፒውተሩ የለሽም ይላል። እኔም አዲስ ካርድ አወጣሁላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የድሮው ካርዷ ተገኘ። ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ፔኒሲሊን አይስማማትም" ይላል። ስሟ የተመዘገበው በአልፋው አ፣ በጸሎቱ ጸ እና በሃሌታው ሀ ነበር። እኔ የፈለግኋት ደግሞ በዓይኑ፣ በፀሐዩና በሐመሩ።

ንጉሡ፦ መድኃኒቱ ተሰጥቷት ነበር?

እሳቷ፦ አልተሰጣትም፤ ተመስገን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ተነስቼ ወረቀት ላይ ቆጠርሁ። የስሟን የመጀመሪያ ድምፅ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ አራት። ፀ እና ጸ፤ ሁለት። ከዚያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ ስድስት። ሲባዛ 48 ይሆናል። አንዲት ሴት፣ አንድ ስም፣ 48 አጻጻፍ።

ንጉሡ፦ ይህን ስትነግሪኝ መጀመሪያ ምን እንዳልሁሽ ታስታውሻለሽ?

እሳቷ፦ "ጥፋቱ የጸሐፊው እንጂ የፊደሉ አይደለም" አሉኝ።

ንጉሡ፦ አዎ። በሥርዓቱ የሚጽፍ ቢኖር 47ቱ ከየት ይመጣሉ?

እሳቷ፦ ሥርዓቱን በምን ይወቀው? ግዕዝ ያልተማረ ሰው "ዓመት" በዓይኑ እንደሚጻፍ ጆሮው አይነግረውም። አማርኛችን ሦስቱንም ሀ አንድ አድርጎ ነው የሚጠራው። የማይሰማውን ልዩነት በቃሉ መያዝ አለበት። የፊደል ገበታው 33 በ7፣ 231 ነው። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ከነቤተሰባቸው ቢወጡ 35 ይቀነሳል። አንደኛ ክፍል ለገባ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም።

ንጉሡ፦ ትርጉምሳ? በጥንቱ ግዕዝ ሠረቀ በንጉሡ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው፤ በእሳቱ ሲጻፍ ሌባ ገባ። ዓመት ዘመን ነው፤ አመት ገረድ። ይባስ ብሎ ድኅነትና ድህነት አለ። በብዙኃኑ ኀ የተጻፈው መዳን ነው፤ በሃሌታው የተጻፈው ማጣት። "የነፍስ ድህነት ይስጥልን" ተብሎ የተጻፈ ጥቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ለሰው የሚመኙለት ነገር ነው ይህ?

እሳቷ፦ (እየሳቀች) አንባቢው ግን ተረድቶታል። "ዋና" ብዬ ብጽፍ መሪ ይሁን ውኃ ላይ መንሳፈፍ ፊደሉ አይነግርዎትም፤ ሲጠብቅና ሲላላ ነው የሚለየው። "ገና" በዓልም ነው፣ ያልደረሰ ነገርም ነው። ለመጥበቅ ምልክት ሳናበጅ ስንት ዘመን ኖረናል። ዐረፍተ ነገሩ ይፈታዋል።

ንጉሡ፦ ይህች የዋና ነገር አስቸግራኝ ነበር። ሳምንት አሰብሁባት፤ መልስ አላገኘሁላትም። አሁንም የለኝም።

እሳቷ፦ እኔም አንድ ያስቸገረኝ ነገር አለ፤ የጽሕፈት መኪናው ታሪክ። እስቲ ይንገሩልኝ።

ንጉሡ፦ ድሮ "ፊደሉ ይቀነስ" የሚሉ ሰዎች ትልቁ ምክንያታቸው ማሽኑ ነበር። የጽሕፈት መኪና ቁልፎች ከ50 አይበልጡም፤ የእኛ ሆሄ ደግሞ ከ200 በላይ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ መኪና ለመሥራት ሲነሱ የገጠማቸው ይህ ነበር። መፍትሔው ፊደሉን መቆራረጥ ሆነ፤ አካሉን ትመቺያለሽ፣ ከዚያ እግሩን ወይም ቀለበቱን ትቀጥይለታለሽ። እኛ ማተሚያ ቤት የሚመጣልን የተተየበ ጽሑፍ ቀለበቱ ከአንገቱ ሸሽቶ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነበር። ያኔ "ለመኪናው ሲባል እንቀንስ" ያለ ሰው ሞኝ አልነበረም።

እሳቷ፦ ከዚያ ኮምፒውተር መጣ።

ንጉሡ፦ መጣና ያን ምክንያት ገደለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ በሦስተኛው እትሙ የእኛን ሆሄያትና ምልክቶች 345 አድርጎ ተቀበለ። ሐመሩም፣ ብዙኃኑም፣ ንጉሡም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አገኙ። ዛሬ ስልክሽ ላይ ኀን መጻፍ ከሀ እምብዛም አይከብድም። ታዲያ "ይቀነስ" ባዮቹ ምክንያታቸው ሲሞት አብረው ዝም አሉ? አላሉም። አቋሙ ቀረ፤ ሌላ ምክንያት ፈልጎ ለበሰ።

እሳቷ፦ ያስቸገረኝ ይኸው ነው። የእኔ "ፍለጋ ያስቸግራል" የሚለው ነገርም በዚያው መንገድ ሊሞት ይችላል። 48ቱን አጻጻፍ እንደ አንድ አድርጎ የሚፈልግ ፕሮግራም መሥራት ከባድ አይደለም፤ የእኛ ባለሙያ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ሲሠራው እኔ ምን ይዤ ልከራከር ነው? ያን ቀን ራሴን ጠየቅሁ፦ መጀመሪያ የመጣው ምክንያቱ ነው ወይስ አቋሙ?

ንጉሡ፦ የእኔ ወገንም እንዲሁ ነው። "ትርጉም ይጠፋል" እንላለን። እውነቱን ለመናገር ግን ከሠረቀ እና ከአመት ሌላ ምሳሌ አምጡ ብንባል ብዙዎቻችን ያችኑ አራት አምስት ቃል ነው የምናመላልሰው። ፍቅሩ ነው መጀመሪያ የመጣው። ስንደዶው።

እሳቷ፦ አሁን የእኅቴን ነገር ልናገር። ታናሽ እኅቴ ሪያድ አምስት ዓመት ሠርታ ተመለሰች። አንድ ጠዋት ልጄን ዐረብኛ ታስተምራለች። "ሐሊብ" ትላለች፤ ወተት። የእሷ ሐ ከጉሮሮዋ እየታነቀ ነው የሚወጣው። "ኡኽት፤ እኅት።" "ኸምሳ፤ አምስት።" እዚህ ላይ ድምፁ ሌላ ነው፤ ይፈገፍጋል። "ዐይን" አለች፤ ዓይን ማለት ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ከሁሉም ጠልቆ ይወጣል። እኔ ወጥ እያማሰልሁ ነበር፤ እጄ ቆመ። ለጋሼ ደወልሁ።

ንጉሡ፦ "በግዕዝ ወተት በየትኛው ሀ ነው የሚጻፈው?" አለችኝ፤ ሰላምታ እንኳ የለም። ሐሊብ በሐመሩ ነው አልኋት። "እኅትስ?" በብዙኃኑ። "አምስትስ?" ኀምስ፤ እሱም በብዙኃኑ። "ዓይንስ?" ስሙ ራሱ ዓይኑ ዐ አይደለም እንዴ!

እሳቷ፦ አራቱም ገጠሙ። እኅቴ ግዕዝ አታውቅም፤ ጋሼ ዐረብኛ አያውቁም። ሁለቱ ግን ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት። እኔ "ትርፍ" የምላቸው ፊደላት በአንድ ወቅት እያንዳንዳቸው የሰው ጉሮሮ ውስጥ የነበሩ ድምፆች ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ "ትርፍ" የሚለውን ቃል ትቼዋለሁ።

ንጉሡ፦ አቋምሽን ግን አልተውሽም።

እሳቷ፦ አልተውሁም። ለአንደኛ ክፍል ልጅ አሁንም ይቀነስለት እላለሁ። ስናገር ግን ድሮ የምለውን አልደግምም።

ንጉሡ፦ እኔን የነካኝ ሌላ ነው፤ ሲያስታውሱት ደስ አይልም። ማተሚያ ቤት ሳለሁ ለአንድ መጽሔት የአንባቢያን ደብዳቤ አርም ነበር። አንድ ገበሬ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ጻፈ። ፊደሉ የተዘበራረቀ ነው፤ ንጉሡና እሳቱ ቦታ ተለዋውጠዋል። ከጎኑ "እስቲ አስቀድመን ፊደል እንቁጠር" የምትል ቀልድ ጨመርሁበትና ወጣ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ከወር በኋላ ሰውየው ሁለተኛ ደብዳቤ ላከ፤ በሰው አስጽፎ፣ አንድ ስሕተት የለበትም። የመጨረሻው መስመር "ፊደሌ ታርሟል፤ ነገሬንስ ማን ይመልስልኝ?" ይላል።

እሳቷ፦ መለሱለት?

ንጉሡ፦ አልመለስሁም። ስለ ማዳበሪያ ምን አውቃለሁ! ነገሩን ግን አንብቤው እንኳ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ አርሜው አንድ ጊዜ አላነበብሁትም። ዛሬም በስልኬ የሰዎችን ክርክር ስከታተል አንዱ ስለ ኑሮ ወይም ስለ አገር ይጽፋል፤ ከሥሩ ያለው መላሽ "መጀመሪያ ዓመትን በትክክል ጻፍ" ይለዋል። መላሹ እኔ ነኝ፤ የዛሬ 30 ዓመት እኔ።

እሳቷ፦ ከዚያ በኋላ ሐሳብዎን ቀየሩ?

ንጉሡ፦ ስለ ፊደሉ? በፍጹም! ይቆይ ባይ ነኝ፤ ስሞትም በመቃብሬ ላይ ዓመተ ምሕረቱ በዓይኑና በሐመሩ ይጻፍልኝ። የቀየርሁት የማነብበትን ቅደም ተከተል ነው። ነገሩን መጀመሪያ፣ ፊደሉን ኋላ። የሚገርመው ለዚህች ለውጥ እንኳ ጓደኞቼ "ወላዋይ" ብለውኛል። በወጣትነታችን ዘመን ይህች ቃል ስድብ ብቻ አልነበረችም፤ ታስፈራም ነበር። ሰው ሐሳቡን ሲያሻሽል የምንሰጠው ጥሩ ስም ዛሬም የለንም።

እሳቷ፦ ሁለታችንም የረሳናቸውን ጎረቤቶችም እናንሳ። እኛ ሞክሼ እያልን ለመጣል የምንማከርባቸው ሐመሩ ሐ እና ዓይኑ ዐ በትግርኛ የራሳቸው ድምፅ ያላቸው፣ በየቀኑ የሚሠሩ ፊደላት ናቸው።

ንጉሡ፦ ፀ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለው። ለዚያው ትግርኛ ኤርትራ ውስጥ ጸሎቱ ጸ ይመረጣል፤ ትግራይ ውስጥ ፀሐዩ ፀ ይበዛል። አንዱ የሌላውን ለማንበብ ግን አይቸገርም። እኔ ይህን ሳውቅ ትንሽ ደነገጥሁ፤ የምፈራው ጥፋት እዚያ አልደረሰማ።

እሳቷ፦ ይህን ለእኔ ወገን ቆጥሬዋለሁ።

ንጉሡ፦ ቁጠሪው። አልሰስትም። ለመሆኑ ያች ዓለም ፀሐይ የት ደረሰች?

እሳቷ፦ ሁለቱን ካርዶች አንድ አደረግንላት። ባለሙያችንም ፕሮግራሙን ሠራው፤ አሁን በየትኛውም አጻጻፍ ብንፈልጋት ትመጣለች። የቀረው ካርዱ ላይ የሚታተመው ስም በየትኛው ይሁን የሚለው ነበር። እኔ ከእርስዎ ጋር ሁለት ዓመት የተከራከርሁ ሰው በራሴ መወሰን አልቻልሁም። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረብሁላትና "ስምሽን አንቺ እንዴት ነው የምትጽፊው?" ብዬ ጠየቅኋት።

ንጉሡ፦ እሺ፤ በዓይኑ ነው በአልፋው?

እሳቷ፦ "እንደፈለግሽ ጻፊው፤ ብቻ ከእንግዲህ ካርዴን አትጣዪብኝ" አለችኝ።