አገር ራሱ የተዛወረባቸው የወታደር ልጆች

(ምስል፦ አዘዞ፣ ማለዳ፤ ባጃጆች በአስፋልቱ ላይ)

አዘዞ ላይ አንዱን «ትውልድህ የት ነው?» ብላችሁት መልሱ ከዘገየ፣ የወታደር ልጅ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። አዘዞ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ ያለ፣ የጦር ካምፕና አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኝበት ሰፈር ነው። እኔም ያደግኩት እዚያ ነው። ግማሹን ማለቴ ነው።

በሌላው ዓለም አንዳንዱ የወታደር ልጅ ከአባቱ ጋር ከአገር አገር ይዞራል። የእኛ ወታደር ግን፣ ወታደራዊ አታሼ ሆኖ ካልተሾመ በቀር፣ ቤተሰብ ይዞ ባሕር አይሻገርም። ኮሪያም፣ ኮንጎም፣ ላይቤሪያም፣ አብዬም የሄደው ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ነው።

ታዲያ እኛ እንዴት አገር ቀየርን?

(ምስል፦ ቆርቆሮ ሳጥን፤ ክዳኑ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ስም)

ይህ የአባቴ ሳጥን ነው። ሐረር ነበረ፣ ጎዴ ነበረ፣ መጨረሻ አስመራ ገባ። የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት መምሪያ አስመራ ነበር፤ እኔም እዚያ ተወለድኩ። ዳቦ «ባኒ» ነው፣ ብስክሌት «ብሽክለታ» ነው። ከካምፑ አጥር ውጭ ያሉት ጓደኞቻችን ትግርኛ ያወሩናል፣ እኛ አማርኛ ቀላቅለን እንመልሳለን።

የሚገርመው፣ ከእኛ በፊት በዚያችው ከተማ ሌሎች የወታደር ልጆች አድገዋል፤ አሜሪካኖች። ቃኘው ጣቢያ የሚባለው የጦር ሰፈራቸው የራሱ ትምህርት ቤትና የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበረው። ስሙ የተወሰደው ኮሪያ ከዘመተው የእኛው ቃኘው ሻለቃ ነው፤ ቃኘው ደግሞ የራስ መኮንን የፈረስ ስም። የጦር ሰፈሩ በ1969 ሲዘጋ እነዚያ ልጆች ቀድሞውንም የሚመለሱበት አገር ነበራቸው።

(ምስል፦ ካርታ፤ በአስመራና በጎንደር መካከል የድንበር መስመር ቀስ ብሎ ይሰመራል)

ግንቦት 16 ቀን 1983 አስመራ በሻዕቢያ እጅ ገባች። ሠራዊቱ ተበተነ፣ ቤተሰቡም ያገኘውን ይዞ ወጣ። እናቴ ሳጥኑን አልለቀቀችም፤ ውስጡ ምን እንደነበረ ብትሰሙ ትስቃላችሁ፦ ሁለት ብርድ ልብስና የቡና ስኒ። በ1985 ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። እኔ አዘዞ ተቀምጬ፣ የተወለድኩባት ከተማ ውጭ አገር ሆነች።

አዘዞ በገባን ሰሞን እማማ ሱቅ ላከችኝ። «ባኒ ስጠኝ» አልኩት። ባለሱቁ ለጎረቤቱ ዞሮ «ይሄ ልጅ ከወዴት ነው?» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ስሜ «ባኒ» ሆኖ ቀረ። አሁንም ፋሲል ግንብ አጠገብ ባገኙኝ ቁጥር እንደዚያ የሚጠሩኝ አሉ። ልጅ ሆኜ ያስቆጣኝ ነበር፤ ዛሬ ካልጠሩኝ ቅር ይለኛል።

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ አበቃ። ቅጽ ላይ «የትውልድ ቦታ» የሚለው ጋ ስደርስ እስክሪብቶው ይከብደኝ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊዋ ቅጹን አይታ፣ እኔን አይታ፣ «ጎንደር ብለህ ብትጽፈው አይሻልህም?» አለችኝ። ለክፋት አልመሰለኝም። ጻፍኩት።

(ምስል፦ ስልክ የያዘች የእናት እጅ)

ሐምሌ 2010 የሁለቱ አገሮች የስልክ መስመር ሲከፈት፣ ከዘመድ ዘመድ የድሮ ጎረቤታችንን ቁጥር አገኘን። እማማ ደወለች። አንዲት ሕፃን አነሳችና «መን ኢኺ?» አለቻት፤ ማን ነሽ ማለቷ ነው። እማማ ትግርኛዋ ሃያ ሰባት ዓመት ዝጎ ቆይቷል፤ ለአፍታ ዝም አለችና፣

«ናይ ወትሃደር ሰበይቲ» አለች። የወታደሩ ሚስት።

ሕፃኗ ስልኩን አስቀምጣ አያቷን ልትጠራ ሮጠች።