«አስታማሚ ውጡ!»

በነርሶች ቀን፣ ደብረ ማርቆስ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ግንቦት 4 ነው። የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተወለደችበት ቀን፣ የእኛም ቀን። አዘጋጆቹ «ስለ ቤት ለቤት ሥራሽ ንገሪን» ብለውኝ ጽፌ መጥቻለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። አብረን አዳር ገብተናል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ዳቦ ለሦስት ተካፍለን በልተናል። ከስምንት ዓመት የሆስፒታል ዋርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ሥራ በኋላ ቦርሳዬን አንግቤ ቤት ለቤት መዞር ስጀምር «ምን ነካት?» ያላችሁም እዚህ አላችሁ። ዛሬ መልሱን ልንገራችሁ።

ውሎዬ እንዲህ ነው። ጠዋት ከማርቆስ እወጣለሁ። ባጃጅ እስከሚገባበት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ። ሰኔ ሊገባ ነው፤ ዋልካው ጫማ ሲይዝ ታውቁታላችሁ። ደጅ ቆሜ «ቤቶች!» እላለሁ። ውሻው እስኪታሰር እጠብቃለሁ። ቤቱ ውስጥ ጨለማ ነው። የጎረቤት ልጅ የስልኬን መብራት ይይዝልኛል፣ እኔ ቁስል አጥባለሁ። ውኃው ከምንጭ በጀሪካን የመጣ ነው። አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ነው የምጠቀምበት። ያገለገለ መርፌ እዚያ አልጥልም። ክዳን ባለው ወፍራም ፕላስቲክ ከትቼ ይዤው እመለሳለሁ። ደግሞ እህል ሳልቀምስ ልውጣ ብል ቤቱን የናቅሁ ይመስላል። ስለዚህ የመቀመጫ ጊዜም ከሥራው ጋር እቆጥራለሁ።

ይኼን ላማርር አልመጣሁም። ይኼ ሥራዬ ነው፣ እወደዋለሁ። የመጣሁት አንድ ነገር አንጀቴን ስላቃጠለው ነው።

ያለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከደምበጫ ወጣ ካለ ቀበሌ ስልክ ተደወለልኝ። የአንዲት ልጅ ድምፅ ነው። «እትዬ፣ አባቴ ጀርባው ሸተተኝ» አለችኝ። በማግስቱ ሄድኩ።

አባትየው ገበሬ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ አያ ልበላቸው። ደም ብዛት ነበረባቸው። ሲሻላቸው ክኒኑን ተዉት። አንድ ቀን እርሻ ላይ ወደቁ። ስትሮክ ነው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። አንድ ሆስፒታል 11 ቀን ተኙ። ከዚያ «ወደ ቤታቸው ይሂዱ» ተባለ። በቃሬዛ ይዘዋቸው ገቡ።

ስደርስ መደብ ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። ሳገላብጣቸው ከወገባቸው በታች፣ አጥንቱ ላይ፣ ጡጫዬን የሚያህል ቁስል አለ። ተረከዛቸው ጠቁሯል። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ስንት ቀን እንዲህ እንደተኙ ጠየቅኳት።

«ከመጡ ጀምሮ። እንዳይጎዱብን ብለን አልነካናቸውም» አለችኝ።

ስሙኝ። ቸል ብላቸው አይደለም። ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ «አታንገላቷቸው፣ ይረፉበት» ይላል። እሷም ለ19 ቀን አባቷን እንደ እንቁላል ጠበቀቻቸው። ሥጋቸውን የበላው ያ ጥንቃቄዋ ነው።

ከሆስፒታል የተሰጣትን ወረቀት አውጥታ አሳየችኝ። በፕላስቲክ ጠቅልላ ከሣጥን ሥር አስቀምጣዋለች። የመድኃኒት ስም አለ። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ አለ። «ከአንድ ወር በኋላ ይመለሱ» ይላል። ስለ ማገላበጥ አንዲት ቃል የለችም። ልጅቱ ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ማንበብ ትችላለች። ጽፎ የሰጣት ግን የለም፣ ቁጭ አድርጎም የነገራት የለም።

ከዚያ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኳቸው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር?

እኔ «አይደለሽም» አልኳት። ቁስሉን አጥበን ከጨረስን በኋላ አስተማርኳት። በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣሉ፣ ሌሊትም ጭምር። ሰዓት የላትም፣ ስልኩም የወንድሟ ነው። ራሷ ዘዴ አወጣች። ከብት ሲወጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው። ቡና ሲፈላ ወደ ምድጃው። ሊጥ ሲቦካ ደግሞ ወደ ግድግዳው። ሌሊቱን ከወንድሟ ጋር ተካፈሉት። በደንብ የለፋ የበግ አጎዛ ከሥራቸው አነጠፍን። ተረከዛቸው መደቡን እንዳይነካ ጭድ በጨርቅ ሰፍተን ከባታቸው ሥር አደረግን። ትምህርት ቤት «ቆዳው ሲቀላ ተጠንቀቁ» ተብለን ተምረናል። በእኛ ጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ቶሎ አይታይም። ስለዚህ በእጇ ጀርባ እየዳበሰች የሞቀውን፣ የደደረውን ቦታ እንድትፈልግ አሳየኋት። ከሳምንት በኋላ ስመለስ በግራ ዳሌያቸው በኩል የጀመረ አዲስ ቦታ ከእኔ ቀድማ አግኝታዋለች!

ቀና አድርጋ፣ በጥቂት በጥቂቱ እንድታጎርሳቸውም ነገርኳት። በጀርባ የተኛ ሰው ሲጎርስ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቁስሉ እንዲሞላ እንቁላልና ወተት ያስፈልጋቸዋል። ኅዳር 15 ደረሰ፣ ጾመ ነቢያት ገባ። አያ አፋቸውን ገጠሙ። እኔ ብለምን፣ ልጅቱ ብትለምን፣ ወይ ፍንክች። የንስሐ አባታቸውን አስጠራን። ቄሱ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቁስሉን አዩት። «ይኼ መድኃኒትህ ነው፣ ፈትቼሃለሁ» አሏቸው። ያን ቀን አንድ እንቁላል በሉ። ቄሱ ያን ቀን የሠሩትን እኔ በአሥር ምልልስ አልሠራውም ነበር።

ለፋሲካ ቁስሉ ገጠመ። አያ ደጃፋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

አሁን እጠይቃችኋለሁ። ያዳናቸው ምንድን ነው? አጎዛ፣ ጭድ፣ እንቁላልና የልጃቸው እጅ። ከእነዚህ ውስጥ ቤታቸው ያልነበረ የቱ ነው? ሁሉም ነበር። የጠፋው የሚነግራት ሰው ብቻ ነው! ልጅቱ 11 ቀን ሙሉ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ አድራለች። 11 ቀን ሙሉ ዓይናችን ሥር ነበረች። ራውንድ፣ ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ የሚያዩበት ሰዓት፣ በደረሰ ቁጥር ምን አልናት? «አስታማሚ ውጡ!» ሐኪሙ ስለ አባቷ ሲናገር እሷ ኮሪደር ላይ ናት። ነርሷ ጎናቸውን ስታገላብጥ እሷ በር ተዘግቶባታል። በ12ኛው ቀን ግን «በይ ውሰጃቸው» ተባለች። እቤት ስትገባ እኮ ነርሷ እሷ ናት! ዋርዱም መደቡ ነው፣ ተረኛዋም እሷ ናት፣ የሚቀይራትም የለም!

በሌላ ሰው ላይ ጣት ለመቀሰር አልቆምኩም። እኔም ስምንት ዓመት «አስታማሚ ውጡ» ብያለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት እኔም በእጄ ሰጥቻለሁ። ስንቶቹ ቤታቸው ገብተው ጀርባቸው እንደሸተተ አላውቅም። ሌሊት የሚያባንነኝ ይኼ ነው።

«ሰው በዝቶብን ነው፣ አልጋ የለም፣ ወለል ላይ የተኛ አለ» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፤ አብሬያችሁ ነበርኩ። ትርፍ ሰዓት ፍጠሩ አላልኩም። ታካሚውን ስታገላብጡ አስታማሚዋ በአንድ በኩል ትያዝ። ስታጥቡ ታጠብ፣ ስታጎርሱ ታጉርስ። ከመውጣታቸው በፊት ብቻዋን ስታደርገው ቆማችሁ እዩ። 20 ደቂቃ ነው። ለአያ ያ 20 ደቂቃ ስድስት ወር ያህል ሥቃይ ያስቀርላቸው ነበር።

ሌላም የምለው ነበረኝ፤ ባጭሩ ልንካው።

ኢንሱሊን የሚወጉ፣ ፍሪጅ የሌላቸው ሰዎች አሉ። መድኃኒቱን በላስቲክ ቋጥረው፣ እርጥብ አሸዋ የተሞላ ገንቦ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ እንዲያኖሩት ንገሯቸው። ምድጃ አጠገብ ሰቅለውት አግኝቻለሁ።

ደብረ ኤልያስና ደምበጫ በኩል እግራቸው ያበጠ ሰዎች አሉ። ይኼ ዝሆኔ ከቀይ አፈር ጋር በባዶ እግር ከመኖር የሚመጣ ነው። አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ ይረዳል። ቤታቸው ስትገቡ እግራቸውን በእጃችሁ ንኩት። ለዓመታት ማንም አልነካውም።

የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችንም እዚህ አላችሁ። ሁለት ሆናችሁ አንድ ቀበሌ ትዞራላችሁ። እናትና ሕፃን ልታዩ በገባችሁበት ቤት ጥግ ላይ የተኛ ሽማግሌ ካለ፣ «ጀርባቸውን አሳዩኝ» በሉ። ሌላ ሸክም ልጨምርባችሁ አይደለም፤ ያቺን አንድ ጥያቄ ብቻ።

ነገ ጠዋት ብዙዎቻችሁ ተረኛ ናችሁ። ራውንድ ሲጀመር አስታማሚዋ እንደ ልማዷ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፍታ ልትወጣ ትላለች። «ነይ፣ ቅረቢ» በሏት።

አመሰግናለሁ።