ፓስተር መጡ

ጤና ይስጥልኝ፤ ጌታ ይባርካችሁ። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው ከቤቴ ነው፣ ከደብረ ብርሃን። ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። ኅዳር ነው፤ የከተማችንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ላይ ባና ደርቤ ነው የተቀመጥኩት። ድምፄ ዝግ ካለባችሁ ልጆቹን እንዳልቀሰቅስ ብዬ ነው።

ባለፉት ሳምንታት ስለ ጸሎት ስንነጋገር ነበር። ዛሬ እሱን ላቆየውና ስለ ራሴ ቤት ልንገራችሁ። ባለቤቴን አስፈቅጃለሁ። «ሁሉንም ንገራቸው፤ ሳታሳምር» ብላኛለች።

ነገሩ የሚጀምረው ከትንሹ ልጄ ነው። አራት ዓመቱ ነው። አምና ግንቦት ላይ ዘጠኝ ቀን ከቤት ርቄ ቆይቼ አመሻሽ ላይ ገባሁ። ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ነው። በሩን ሳንኳኳ ሮጦ መጥቶ ከፈተልኝ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ጓዳ አዞረና ተጣራ፤ «እማዬ፣ ፓስተር መጡ!»

«አባዬ መጣ» አይደለም። «ፓስተር መጡ።» ቀጥሎ ወንበር አሳየኝና «ይቀመጡ» አለኝ።

ልጁ ምንም አላጠፋም። ቤታችን የሚመጣው ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራኝ። ስልክ ሲደወል እናቱ «ፓስተር የሉም» ስትል ይሰማል። በር ሲንኳኳ «ፓስተር አልተመለሱም» ስትል ይሰማል። በሰው አፍ ነው ያወቀኝ። እኔ አባቴን አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት፤ የዚያን ጊዜ ወግ ነበር። የእኛ ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። ታላላቆቹ ሁለቱም አንተ ነው የሚሉኝ፤ እላዬ ላይ እየተንጠላጠሉ ነው ያደጉት። ይሄኛው ግን አንቱ አለኝ። እንግዳ ስለሆንኩበት ነው።

የት ነበርኩ? ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የገጠር መንደር። ቤተ ክርስቲያናችን እዚያ የወንጌል ሥርጭት ጣቢያ ከፍታለች። ምእመናኑ ሠላሳ ቢሆኑ ነው። የሚሰበሰቡት በአንዲት እናት ጎጆ ውስጥ ነበር። ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። ጓሳን ለማታውቁ፣ የመንዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ በሥርዓት ዘግቶ የሚጠብቀው፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ የሚያጭደው የደጋ ሣር ነው። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል። ጥሩ ክዳን ነው። ግን ጎጆዋ ሠላሳ ሰው አትችልም። በክረምት ግማሹ ሰው ደጅ ቆሞ፣ ነጠላውን ተከናንቦ ነበር የሚዘምረው።

ስለዚህ ጸሎት ቤት እንሥራ አልን። በእኛ ሰው ዘንድ የጸሎት ቤት ነገር ቀላል አይደለም። በደርግ ዘመን ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘግተው፣ ተወርሰው፣ ሰው በየቤቱ መጋረጃ ጋርዶ በሹክሹክታ ነበር የሚጸልየው። ያ ትውልድ አራት ግድግዳና አንድ ጣሪያ ሲያይ ለምን እንደሚያለቅስ ይገባኛል። እኔም ያደግሁት በዚያ ልቅሶ መሐል ነው።

ግንበኛው ስድሳ ያለፋቸው የአካባቢው ሰው ናቸው። ኦርቶዶክስ ናቸው። አንዳንድ ወንድሞች «የእኛን ሰው ከከተማ እናምጣ» ብለው ነበር። እኔ ደግሞ የአገሩን ድንጋይ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው አልኩ። በዚህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ በ12 ሚካኤል ነው፤ በ19 ገብርኤል ነው፤ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ነው። መዶሻ አላነሣም። ሁለቱ ሰንበታትም እንደዚያው።» እኔም «አባባ፣ እርስዎ መዶሻ ባላነሡበት ቀን በዚህ ግቢ መዶሻ አይሰማም» አልኳቸው።

ቃሌን ጠበቅሁ። ሥራው ዘገየ፤ ይዘግይ። በጾም ቀን የሠራተኛው ምሳ ሽሮ በዘይት ሆነ፤ ለአባባ የሚቀርበውም ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቱ በራሱ ጊዜ ደቦ ጠራ። ከማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ በአህያ እየጫኑ አመጡልን። አንድም ሳንቲም አልጠየቁም።

የአገሩ የድንጋይ ግንብ ሁለት ፊት አለው፤ የውጭና የውስጥ። መሐሉ በትንንሽ ድንጋይና በጭቃ ይሞላል። ከሩቅ ስታዩት አንድ ግድግዳ ነው። አንድ ቀን እኔም ድንጋይ ስደረድር ዋልኩ። አባባ መጥተው ቱንቢ ጣሉበት። ቀጥ ያለ ነው። ደስ አለኝ። ከዚያ ከላይ ጎንበስ ብለው መሐሉን አዩና «ማሰሪያው የታለ?» አሉኝ። ማሰሪያ ከውጭው ፊት እስከ ውስጠኛው ፊት የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ነው። በየመሐሉ ይጋደማል፤ ሁለቱን ፊት አያይዞ የሚይዘው እሱ ነው። «ይሄ ከሌለ ይላቀቃሉ» አሉ። «መጀመሪያ ምንም አይታይህም። ከዚያ ሆዱ ይነፋል። ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ይበቃዋል።»

የግማሽ ቀን ሥራዬን በእጃቸው አፈረሱት። ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሡ፣ እያገላበጡ፣ በመዶሻው ጫፍ መታ መታ እያደረጉ ፊቱን ፈልገው መልሰው ያስቀምጡታል። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ተሰንጥቆ ስንጥቁ በጭቃ ተሞልቷል። አሁንም ይታየኛል። ያን ቀን ግን ስለ ግድግዳ የሚናገሩ ብቻ ነበር የመሰለኝ።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ።

ሰኔ ገባ። ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያው ላይ ማገር ተመትቷል፤ ቆርቆሮ የለም። ሲሚንቶው ያለቀው መሠረቱና ማዕዘኑ ላይ ነው፤ ሌላው በጭቃ የተያያዘ ነው። ክዳን ሳያገኝ ክረምቱ ከገባ ጭቃው ታጥቦ ይወርዳል፤ የአራት ወር ልፋት አፈር ይሆናል። መዋጮው አልሞላም። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ባለቤቴ ዕቁብ ነበራት። 14 ወር ሙሉ ከምግቡም ከልብሱም እየቆጠበች የጣለችው ነው። ማድ ቤታችን ያፈስሳል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከምጣዱ በላይ ላስቲክ ወጥራ ነው እንጀራ የምትጋግረው። ኩበቱ ይረጥባል፤ ጭሱ ዓይኗን ያቃጥላታል። ዕቁቡ የማድ ቤቱን ጣሪያ ለማደስ ነበር። ወጣላት። ብሩን ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

ሐሙስ ዕለት ወሰድኩት። ሳልነግራት። ለጌታ ቤት ነው፣ ትረዳኛለች፣ ማታ እነግራታለሁ አልኩ። ማታ አልነገርኳትም። ቅዳሜም አልነገርኳትም። እሑድ በጉባኤ መሐል አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ፓስተራችን የጎደለውን ቆርቆሮ ከራሳቸው ቤት ሞልተዋል» ብለው አበሰሩ። ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። ወደ ሴቶቹ በኩል አየሁ። እሷም እልል ትል ነበር። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል።

ቤት ስንገባ አልጮኸችም። ሻይ አፈላች። ቁጭ አለችና አንድ ነገር ብቻ አለች፤ «ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር። ለምን አልጠየቅከኝም?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ልጄ «ፓስተር መጡ» ያለኝ ከዚህ አንድ ወር ቀደም ብሎ መሆኑን ልብ በሉልኝ። አልሰማሁትም ማለት ነው።

እስቲ ትንሽ ውሃ ልጠጣ።

በሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ስለ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ተምረን ነበር። ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነው። በእነሱ አቆጣጠር በ1839 ወደ ሸዋ መጣ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተቀበሉት፤ አንኮበር ተቀመጠ። አንኮበር ማለት ከዚህ ከተቀመጥኩበት ብዙ የማትርቅ ናት። በ1842 ከሸዋ ወጣ፤ ልመለስ ሲል ግን አልተፈቀደለትም። በኋላ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ወርዶ ሞምባሳ ላይ ሥራ ጀመረ። ለፈተና ያጠናነው ይህን ነው። ያላጠናነው ሌላ ነገር አለ። አግብቶ ነበር። በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ሊገባ ሲሞክር ሚስቱን በረሃ ላይ ምጥ ያዛት። ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ወዲያው አረፈች። ስም ያወጡላት በአማርኛ ነው። እንባ አሏት። በዓመቱ፣ በ1844፣ ሚስቱም ሁለተኛ ልጁም ሞምባሳ ላይ ሞቱ።

እንባ። የራሳችን ቃል ነው። ያን ጀርመናዊ ልፈርድበት አይደለም፤ ኀዘኑን እሱ ያውቀዋል። የሚያንገበግበኝ የእኛ አነጋገር ነው። ስለ ተልእኮ ስናወራ የሄደውን ሰው እንቆጥራለን፤ የተሰደደውን፣ የተደበደበውን እንቆጥራለን። እንባን የሚቆጥራት የለም። ዛሬም ቢሆን ወንጌላዊ ወደ ገጠር ስንልክ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይወስናሉ፤ እጅ ይጭናሉ፤ ይሸኛሉ። ሚስቱ ግን ስትጠየቅ አይቼ አላውቅም። ውሃው ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ልጆቹ የት ይማራሉ? ብትታመም ማን አለላት? እኔም እዚያ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ስንት ጊዜ እጄን አውጥቻለሁ። አልጠየቅሁም። ይህ ስሕተት ነው። በአጥቢያችን እንዲቀየር ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ እስኪቀየር ድረስም አልተወውም።

ያን ክረምት ነህምያን ደግሜ አነበብኩ። የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን እንደተፈጸመ ስንቴ ሰብኬበታለሁ። ምዕራፍ ሦስትን ግን የስም ዝርዝር ነው እያልኩ እዘልለው ነበር። አሁን ቀስ ብዬ አነበብኩት። እገሌ በቤቱ ትይዩ አደሰ፤ ከእሱ ቀጥሎ እገሌ በቤቱ አጠገብ አደሰ ይላል። ደጋግሞ ይለዋል። አንዱ አለቃ ደግሞ ከሴቶች ልጆቹ ጋር አደሰ ይላል። ሥራው ሲከፋፈል ብዙዎቹ የደረሳቸው በየደጃቸው ፊት ያለው ነው። ድንጋይ ሲያነሡ ልጆቻቸው ያዩአቸዋል ማለት ነው። ምሳ ከቤት ይመጣላቸዋል ማለት ነው። እኔ የራሴን ደጅ ዘልዬ ነው ሌላ ቦታ የገነባሁት።

ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። ለብቻዋ ጠየቅኋት፤ ከዚያ እልል በተባለበት ጉባኤ ፊትም ጠየቅኋት። ሁለተኛው ይከብዳል። ግን ምስጋናውን የተቀበልኩት በሰው ፊት ነበርና ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር አምስታችንም ሄድን። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያዩት። አንድ ነገር አልነገርኳችሁም። ቆርቆሮው በተመታ በሁለተኛው ሳምንት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሁለት ቤተሰቦች መጠጊያ አጥተው መጥተው ነበር። አግዳሚ የለም፤ በር የለም፤ ወለሉ አፈር ነው። ግቡ አልናቸው። ጸሎት ቤቱ የመጀመሪያ ጉባኤውን ሳያይ ሰው ማሳደር ጀመረ። እስከ መስከረም ቆዩ። እኛ የደረስን ቀን አንዷ እናት በጥጉ ሦስት ጉልቻ ጎልታ ንፍሮ ትቀቅላለች። ቆርቆሮውን ዝናብ ይመታዋል። ውስጡ ደረቅ ነው። ባለቤቴ ቆማ ወደ ላይ አየች፤ እሳቱንም አየች። «ለካ ማድ ቤቴ እዚህ ነው የተሠራው» አለችና ሄዳ ሴትየዋ አጠገብ ቁጭ አለች።

ይህን የነገርኳችሁ ጥፋቴን ላስውብ ብዬ አይደለም። መልካም ፍሬ ወጣ ማለት ያልጠየቅኋትን ጠይቄያት ነበር ማለት አይደለም። የዚያ እሳት ጥቀርሻ ግን አሁንም በጥጉ ግድግዳ ላይ አለ። ኖራ እንቀባው ያሉ አሉ። ተዉት ብያለሁ።

ትንሹ ልጄ እዚያ ሥራ አገኘ። የግቢው አጥር ገና እየተገነባ ነበር። አባባ የድንጋዩን ክፍተት የሚሞላ ትንንሽ ድንጋይ እንዲያቀብላቸው ቀጠሩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኪሱ በጠጠር ተሞልቶ ዋለ። አንድ ቀን እኔ ማሰሪያ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ወገቤ ጎብጦ ስመጣ ከሩቅ አየኝ። «ዞር በሉ! አባዬ ከባድ ይዟል!» ብሎ ጮኸ። ድንጋዩን መሬት አስቀምጬ እላዩ ላይ ቁጭ አልኩ። አባባ ምን ሆንክ አላሉኝም። መዶሻቸውን ይዘው ሥራቸውን ቀጠሉ።

አሁን ልጨርስ። ማድ ቤቱ ገና ነው፤ ያለፈውንም ክረምት በላስቲክ ነው ያለፍነው። መስከረምና ጥቅምትን ከደመወዜ አጠራቅሜ ቆርቆሮውን ገዝቻለሁ፤ ደጅ ተደግፎ ቆሟል። አባባ ራሳቸው መጥተው ሊመቱልን ነው። ይህን ያህል መንገድ አይምጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ አይሠሩም። ከነገ ወዲያና እሑድ ሰንበት ነው። ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ይመጣሉ። ባለቤቴ ከአሁኑ ገብስ ቆልታ አስቀምጣለች። ልጁም የሚያቀብለውን ሚስማር በጣሳ ቆጥሮ አልጋው ሥር ደብቆታል።

ደኅና እደሩ።