ቅጹ ላይ ቦታ ያልነበራት እናት

የተከበራችሁ የወረዳችን አመራሮች፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

ባለፈው ክረምት፣ ሌሊቱን ሲያወርደው ባደረ ማግስት፣ ዋናው መንገድ ዳር አንዲት እናት ከላስቲክ ቤቷ ላይ ውኃ ስታራግፍ አገኘኋት። ልጇ የራሰ ደብተሩን ገጽ በገጽ እየገለጠ ከሰል ምድጃ ላይ ያደርቃል። ከክፍለ ሀገር የመጣች መስሎኝ «እህቴ፣ ከየት ነው የመጣሽው?» አልኳት። «ከዚሁ ነኝ። እዚያ ማዶ በፈረሰው ቀበሌ ቤት፣ ቆጡ ላይ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ» አለችኝ።

ደባል ነበረች፤ የራሷ ውል ሳይኖራት ከቤቱ ተከራይ ጋር የምትኖር። ቤቱ ለልማት ሲፈርስ ውል ያላቸው ተከራይ ምትክ ቤት አገኙ፤ ይገባቸዋልም። ቆጡ ላይ ለምትኖረው ግን የሚሞላ ቅጽ አልነበረም።

ስለ ጎዳና ተዳዳሪ ሲነሳ ሱሱ፣ ፍልሰቱ፣ ጦርነቱ ይነሳል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ከዚሁ ከአዲስ አበባ ቤት ወጥቶ ጎዳና ስለሚያድረው ሰው ልናገር።

በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር የማይበልጡት ለቀበሌ ተሰጡ። ድሃው መጠለያ አገኘ። ኪራዩ ግን ባለበት ስለቀረ ቆርቆሮ መቀየሪያ እንኳን አልሆነም። ቤተሰብ ሲበዛ ቆጥ ተሠራ፣ ጓሮው በጭቃ ተቀጠለ፣ ደባል ገባ። ለቀን ሠራተኛዋ፣ ለልብስ አጣቢዋ፣ ለጉልት ሻጯ የምትቀመስ ኪራይ የቀረችው እዚያ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ እሷም አብራ ትፈርሳለች።

በምትኩ የሠራነው ኮንዶሚኒየም የሚሸጥ ቤት ነው። ለዝቅተኛ ገቢ የታሰበው 10/90፣ አሥር በመቶው ተቆጥቦ ቀሪው በባንክ ብድር የሚከፈለው፣ እንኳን መታወቂያና ቁጠባ ይጠይቅ ነበር። ከእጅ ወደ አፍ የምትኖር ሴት ከምኗ ትቆጥብ? ላስቲክ ቤት ደግሞ የቤት ቁጥር የለውም። የቤት ቁጥር የሌለው ሰው መታወቂያ ለማውጣት ይቸገራል፤ መታወቂያ የሌለውን ማን ይቀጥረዋል፣ ማንስ ዋስ ይሆነዋል?

የኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ደባል ግን በቃል ነው የሚገባው፤ ከሶ ከሚባረር ዝም ብሎ ማደሩን ይመርጣል።

አፈሳውም ይቁም። ለበዓልና ለስብሰባ ሲባል በመኪና የተጫነው ሰው ተመልሶ ይመጣል፤ ብርድ ልብሱንና ያለችውን ወረቀት ግን ጥሎ ነው የሚሄደው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከሚገነባው ቤት ከፊሉ የማይሸጥ ይሁን፤ ከተማው በእጁ ይዞ በአነስተኛ ኪራይ የሚያከራየው አንድ ክፍል። የታመመ፣ ሥራ የፈታ ተከራይ የሁለት ወር ኪራይ ቢደገፍ፣ ጎዳና ከወጣ በኋላ መልሶ ከማቋቋም ይቀላል። ከሁሉ በፊት ግን ሰፈር ሲፈርስ ደባል ይቆጠር። ቆጡ ላይ ማን እንደሚያድር ቡና የሚጠራራው ጎረቤት ያውቃል፤ ምስክርነቱ ይበቃል።

ለዚህ የሚሆን አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቻለሁ። ከመድረክ እንደወረድኩ ለወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት አስረክባለሁ። የዚያችን እናት ስም፣ ፈቅዳልኝ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሞልቼዋለሁ።

አመሰግናለሁ።