የከሰመ ፍርሃት ለምን ያገረሻል?

አቅራቢ 1፦ አንድ መብራት በበራ ቁጥር ጣትን ኤሌክትሪክ ቢነዝር፣ ሰው መብራቱን መፍራት ይጀምራል። ከዚያ ንዝረቱ ቀርቶ መብራቱ ብቻውን ደጋግሞ ሲበራ ፍርሃቱ ይከስማል። ጠፋ ማለት ነው?

አቅራቢ 2፦ አልጠፋም። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭም የከሰመው ምላሽ ጊዜ ሲያልፍ በራሱ እንደሚመለስ በውሾች ላይ አይቷል። የፊተኛው ትምህርት ባለበት አለ፤ «አሁን አያሰጋም» የሚል ሌላ ትምህርት ነው የተደረበበት። ይህ ሁለተኛው ደግሞ ከተገኘበት ዐውድ፣ ማለትም ቦታና ሁኔታ፣ ውጭ ቶሎ ትዝ አይልም።

አቅራቢ 1፦ ተመራማሪዎቹ ቡተንና ቦልስ እ.ኤ.አ. በ1979 በአይጦች ያሳዩት ነው፦ ፍርሃቱ አንድ ቦታ ተለመደ፣ ሌላ ቦታ ከሰመ፣ ወደ መጀመሪያው ሲመለሱ አገረሸ። በሰው ላይስ እንዴት ይሞከራል? ዝርዝሩን ንገሪን።

አቅራቢ 2፦ ሁለት ምልክት ያዝ፤ ሰማያዊና ቢጫ መብራት እንበል። አንዱ ከንዝረት ጋር ይመጣል፣ ሌላው መቼም አይመጣም። የንዝረቱን ልክ ተሳታፊው ራሱ ይመርጣል፤ የሚያስጠላ እንጂ የሚያም አይሁን። በሌላኛው እጅ መዳፍ ላይ የላቡን ለውጥ የሚለኩ ኤሌክትሮዶች ይደረጋሉ። ለዐውድ፣ ስክሪን ላይ የሁለት የተለያዩ ክፍሎች ፎቶ ማሳየት ይቻላል፤ የሙከራውን ክፍል መብራት ማብራትና ማጥፋትም ሠርቷል።

አቅራቢ 1፦ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የቱ ጋ ነው?

አቅራቢ 2፦ የንዝረቱ ገመድ ጋ! በማክሰሚያው ጊዜ ከጣት ከተፈታ፣ ሰውየው ንዝረት እንደማይኖር አወቀ ማለት ነው። ለፈተናው ተመልሶ ሲታሰር ፍርሃቱ ይመለሳል፤ ተመራማሪው ግን የክፍሉ ለውጥ ያመጣው ይመስለዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደታሰረ ይቆይ።

አቅራቢ 1፦ እኔ ደግሞ ሁለት ልጨምር። ቦታ መለወጥ ብቻውን ሰውን ያነቃዋል፤ ለሁለቱም መብራቶች ላቡ ይጨምራል። ስለዚህ የሚታየው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ሦስቱንም ደረጃ (መልመዱን፣ ማክሰሙንና ፈተናውን) አንድ ክፍል ውስጥ የሚጨርስ ማነጻጸሪያ ቡድንም ያስፈልጋል። ሌላው፣ ፈተናው ራሱ ያለ ንዝረት ስለሚካሄድ መልሶ ያከስማል። የ10 ሙከራ አማካይ ከወሰድክ ግርሻው ተውጦ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ሙከራዎች ለይቶ ማየት ይሻላል።

አቅራቢ 2፦ ተመራማሪዎቹ ላባርና ፌልፕስ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡትም አስደናቂ ነው። ፍርሃቱ ከከሰመ በኋላ ያለ ምልክት ንዝረት ብቻ ሰጡ። ፍርሃቱ የተመለሰው ንዝረቱና ፈተናው አንድ ክፍል ሲሆን ነው። ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍላቸው በተጎዳ የመርሳት ሕመምተኞች ላይ ግን አልተመለሰም። ቦታውን ከአደጋው ጋር የሚያያይዝላቸው ክፍል ተጎድቷላ።

አቅራቢ 1፦ ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ ሸረሪት የሚፈሩ ሰዎች ከታከሙበት በተለየ ቦታ ሲፈተኑ ፍርሃቱ ይበልጥ ተመልሶባቸዋል።

አቅራቢ 2፦ ዐውድ ሲባል ግድግዳ ብቻ አይደለም። ካፌይን ወስደው የታከሙ ሰዎች ያለ ካፌይን ሲፈተኑ፣ ወይም በተገላቢጦሽ፣ ግርሻው ከፍ ብሏል። የሰውነት ሁኔታም ዐውድ ነው። ስለዚህ ልምምዱ በተለያየ ክፍል፣ በተለያየ ሰዓት፣ ከአጃቢ ጋርም ለብቻም ይደረግ።

አቅራቢ 1፦ ሕክምናውን የሚያስታውስ ዕቃ፣ ለምሳሌ የእጅ አምባር፣ ይዞ መሄድስ?

አቅራቢ 2፦ ሊረዳ ይችላል፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰውየው «የዳንኩት በአምባሩ ነው» ካለ፣ ምልክቱ አደገኛ አለመሆኑን አልተማረም፤ አምባሩን በረሳ ዕለት ፍርሃቱ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ልምምዶች ያለ አምባሩ ይሁኑ፤ ከተቻለና አደጋ ከሌለው ደግሞ ፍርሃቱ በተጀመረበት ቦታ።