«ጎበዝ! ደህና ነሽ»

ወዳጆቼ፣

ወረቀት ይዤ የቆምኩት ለወግ አይደለም። ያለ ወረቀት ከጀመርኩ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል። መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ይህ የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን ነርቮች የሚጎዳ በሽታ፣ ያለባችሁ ለምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ስለ አንዲት የቀጠሮ ቀን ልንገራችሁ። ሐኪሜ ኮሪደሩ ላይ አስኬደኝ፤ ጉልበቴን በመዶሻ ነካ ነካ አደረገ፤ ጣቴን ከአፍንጫዬ ወደ ጣቱ አመላለሰኝ። «ጎበዝ! ደህና ነሽ» አለኝ። በዚያው ሳምንት እኮ ቁልፍ በእጄ ይዤ ስሙ ጠፍቶኛል! «ያ... በር የሚከፍተው» ስል ልጄ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ግን አልቆም አለኝ፤ ቀጥሎ ወደ ልቅሶ ዞረ። ምንም አላዘንኩም፤ እንባዬ ግን ይወርዳል። ልጄ ሳቋን ውጣ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ይህንን ለሐኪሜ ስነግረው «ሁላችንም እንረሳለን» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ሁላችንም እንረሳለን! እ.ኤ.አ. በ1868 በሽታውን ለይቶ የገለጸው ፈረንሳዊው ዣን ማርቲን ሻርኮ እንኳ የታማሚዎቹ ማስታወስ እንደሚደክም፣ ሐሳባቸውም እንደሚዘገይ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ? ዛሬም የሚለካልን እግራችን ነው!

ቆይቶ ሌላ ሐኪም አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ከላይ ምልክቶችና ቁጥሮች ተጣምረው ተደርድረዋል፤ በ90 ሴኮንድ የቻልኩትን ያህል ማዛመድ ነው። ግማሹን ሳላጋምስ ሰዓቱ አለቀ። አፈርኩ፤ ግን እፎይም አልኩ፤ የሐሳቤ መዘግየት ቁጥር ሆኖ ታየልኝ። የሰውነታችን መከላከያ የነርቩን ልባስ፣ ማየሊኑን፣ ሲልጠው መልእክቱ ይዘገያል። ስትጠይቁኝ መልሱ አለኝ። እስኪወጣ ግን ሌላ ሰው መልሶላችኋል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ሐኪሞቻችን፣ በየዓመቱ ያቺን 90 ሴኮንድ ስጡን!

ድብርትን በተመለከተ አጭር ነኝ። እኛን ከሌላው ሰው አብልጦ ይይዘናል፤ ይታከማል። «በርቺ» መድኃኒት አይደለም። ያ ያለ ሐዘን የሚመጣ ልቅሶም የነርቭ ጉዳት ነው፤ አታባብሉኝ፣ እስኪያልፍ ጠብቁኝ።

ስለ ሙቀት አንድ ገጽ ነበረኝ፤ ቆርጬዋለሁ። ሰውነት ትንሽ ሲግል የተጎዳ ነርቭ ይበልጥ ይሰንፋል። ስለዚህ እባካችሁ መስኮቱን ክፈቱልን፤ ጥያቄ ያላችሁም አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላችሁ።